በእሳቸው ስም፣ በእኔ አውራ ጣት

ዓመት ከመንፈቅ ያህል ሥራዬ የሰው ጣት መያዝ ነበር። ለዲጂታል መታወቂያ እመዘግባለሁ። ሰው ከፊቴ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑንና ቀበሌውን ላፕቶፑ ላይ እሞላለሁ፤ ፊቱን አነሣለሁ፤ ዓይኑን በመሣሪያው እይዛለሁ። ከዚያ የቀኝ አራት ጣቶቹን፣ የግራ አራት ጣቶቹን፣ በመጨረሻም ሁለቱን አውራ ጣቶቹን አረንጓዴ በሚበራው መስታወት ላይ ያሳርፋል። ሥልጠና የሰጡን ሰዎች ለአንድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ይበቃል ብለውን ነበር። እነሱ የተለማመዱት በቢሮ ሠራተኛ ጣት ነው።

እኛ የሄድነው ከአርባ ምንጭ ወጣ ብለው ወዳሉት ላንቴና ጫኖ ነው። ሙዝ ሲቆርጥ የከረመ ሰው ጣት ላይ የሙዙ ፈሳሽ ደርቆ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፤ በሳሙና ቢታሽ፣ በሎሚ ቢፈተግ ቶሎ አይለቅም። ከአባያ ዳር የሚመጡትን ዓሣ አጥማጆች ደግሞ የመረቡ ክር ጣታቸውን አግድም ቆራርጦታል። ሰውዬው ጤነኛ ነው፤ ስሙን ያውቃል፤ ጎረቤቱ ያውቀዋል። መሣሪያው ግን «ጥራቱ ዝቅተኛ ነው፤ ድጋሚ ይሞክሩ» ይላል። እኔም ቀኑን ሙሉ «ትንሽ ጫን ያድርጉት፤ አይ፣ በዛ፤ ለቀቅ ያድርጉት» ስል እውላለሁ። ማታ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወዳለችው የኪራይ ቤቴ ስገባ ከሰው ጋር መነጋገር ቀርቶ ስልክ ማንሣት ይታክተኝ ነበር።

ጣቱ ፈጽሞ እምቢ ላለ ሰው መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ልዩ ሁኔታ የሚባል ቅጽ አለ። ቅጹን ሞልቶ፣ ምስክር አስፈርሞ፣ አስተባባሪውን አስፈቅዶ ያለዚያ ጣት መመዝገብ ይቻላል። ግን ጊዜ ይበላል፤ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል፤ ለቀኑ የተሰጠን ኮታም ይጓደላል። አስተባባሪያችን ደግሞ ደጋግመው ነግረውኛል። ጥር ላይ አንድ ቀን ጠዋት ደውለው፣ «ከሌሎቹ ሁሉ ያንቺ ልዩ ሁኔታ በዛ። ወይ መሣሪያሽን አላጸዳሽም፣ ወይ ትዕግሥት የለሽም» አሉኝ። መሣሪያውን በየሰዓቱ አጸዳለሁ። ትዕግሥቱን በተመለከተ ግን እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም።

እኚያ ሴት የመጡት በዚያው ቀን ነው።

የምንመዘግበው ጫኖ ውስጥ ባለ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቅብናል። ላፕቶፑና መሣሪያው በባትሪ ነው የሚሠሩት፤ ባትሪው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀይ ማሳየት ጀመረ። አብሮኝ የሚሠራው ባልደረባዬ ጄነሬተር ያለው ሰው ፍለጋ ወጣ። ብቻዬን ቀረሁ።

ሴትዮዋ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጠላቸው ንጹሕ የሆነ ሰው ናቸው። ለምዝገባ ሲመጡ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። መጀመሪያ የቀበሌ ደብዳቤ አልያዙም ብዬ መለስኳቸው። በሁለተኛው ኔትወርክ አልነበረም። በእጃቸው በፌስታል የተጠቀለለ አሮጌ የቁልፍ ስልክ ይዘዋል።

«ልጄ፣ ዛሬስ አለህ?» አሉኝ በአማርኛ።

ሴት መሆኔ ሳይታያቸው ቀርቶ አይደለም። በጋሞኛ «አንተ» እና «አንቺ» አይለይም፤ የደጋ ሰው አማርኛ ሲናገር ለሁላችንም አንዱን ይሰጠናል። እናቴም እንዲሁ ናት።

«አለሁ እማማ። ይቀመጡ።»

ስማቸውን እየሞላሁ መታወቂያው ለምን እንዳስቸኮላቸው ጠየቅኋቸው። ጋሞኛ እንደምሰማ ሲያውቁ በዚያው ቀጠሉ። ባላቸው ሸማኔ ነበሩ፤ በእርጅናቸው ከደጋ ወርደው ጫኖ ላይ ትንሽ የሙዝ ማሳ ይዘው ነበር። ሐምሌ ላይ ሞቱ። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የምትደውለው እሷ ናት፤ በአሠሪዎቿ ስልክ፣ በጓደኛ ስልክ፣ ቁጥሯ ይቀያየራል። የምታውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ የአባቷን።

«ካርድ የሚሞላው እሱ ነበር» አሉ። «ሲሞት ስልኩን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሐዘኑ ትንሽ በረድ ሲል ባወጣው መስመሩ ተዘግቷል። ሲም የሚያወጡት ሰዎች ጋ ሄድኩ። መታወቂያ ይዘሽ ነይ፣ ቁጥሩ ሳይሸጥ በስምሽ እናዞርልሻለን አሉኝ።»

«ልጅዎ የአባቷን ሞት ታውቃለች?»

«በምን ታውቃለች?»

ቶሎ ልጨርስላቸው ፈለግሁ። ይህን የምለው ራሴን ለማጽደቅ አይደለም፤ ቶሎ ልጨርስ የፈለግሁት ለእሳቸው ብቻ አልነበረም። ደክሞኝ ነበር።

የግራ እጃቸው አለፈ። የቀኝ አራት ጣቶቻቸው በስንት ልመና አለፉ። የግራ አውራ ጣታቸውም አለፈ። የቀኝ አውራ ጣታቸው እምቢ አለ። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት፤ አደረቅሁት፤ ቅባት ቀባሁት፤ እንደገና ጠረግሁት። መስታወቱ ላይ የሚታየው ምስል ባዶ ነው፤ መሥመር የለውም። ጣቱን ገልብጬ በዓይኔ አየሁት። እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነው።

«ምን ሠርተውበት ነው እማማ?»

«ፈትል» አሉ፤ በሁለት ጣታቸው እንዝርት ሲሾር እያሳዩኝ። «ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ። እሱ የሸመነውን ሁሉ የፈተልኩት እኔ ነኝ።»

ባትሪው ቀይ ነው። ከበሩ ውጭ ገና የተሰለፈ ሰው አለ። ቅጹን ብሞላ ምስክር ፍለጋ መውጣት አለብኝ፤ አስተባባሪው ጋ መደወል አለብኝ፤ የጠዋቱን ንግግር እንደገና መስማት አለብኝ። እስከዚያ ባትሪው ከሞተ ደግሞ አራተኛ ጊዜ ይመለሳሉ። ጣታቸውን ከመስታወቱ ላይ አነሣሁና የራሴን የቀኝ አውራ ጣት አስቀመጥኩ።

ወዲያው ተቀበለ።

ሴትዮዋ መስታወቱን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። «የእኔን እምቢ ብሎ ያንቺን ወሰደ?»

«መሣሪያውን እየሞከርኩ ነው» አልኩ። ዋሸሁ። የምዝገባ ወረቀታቸውን አትሜ ሰጠኋቸው። የመታወቂያ ቁጥሩ በስልክ መልእክት እንደሚላክ፣ የሚሠራ ስልክ ስለሌላቸው ግን ቀበሌ እየሄዱ እንዲጠይቁ ነገርኳቸው። መረቁኝ። ምርቃታቸውን ሰምቼ «ቀጣይ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነገሩን አልረሳሁትም፤ ግን አላሰብኩትምም። አንድ ጣት ነው፣ ከዐሥር አንድ። ሁላችንም ሠራተኞች መጀመሪያ የተመዘገብነው እርስ በርሳችን ነበር፤ የእኔ አሻራ ከገባ ቆይቷል። ማሽኑ አንዱን ጣት በሁለት ሰው ስም ሲያገኝ ምን እንደሚል በሥልጠናው ላይ ተነግሮናል። ያን ቀን ትዝ አላለኝም ብል ግን ውሸት ይሆናል። ትዝ ብሎኝ ነበር።

የካቲት ሲጋመስ ላንቴ ላይ እየሠራን ባልደረባዬ ከጫኖ የሰማውን ነገረኝ። ሻይ ልንጠጣ ተቀምጠናል።

«ያቺ ባሏ የሞተባት አሮጊት ትዝ ትልሻለች? ስልክ በፌስታል የያዘችው?»

«ምን ሆኑ?»

«ምዝገባዋ ውድቅ ሆነ። ድጋሚ ተመዝጋቢ ይላል። በሌላ ስም መታወቂያ አውጥተሻል ብለው ቀበሌ ላይ ሲጠይቋት ዋሉ። እሷ ደግሞ፣ እናቴ አንዴ ነው የወለደችኝ፣ ሁለት ጊዜ አልተወለድኩም ብላ አዳራሹ ውስጥ ቆማ ቀረች አሉ።»

ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አባባላቸው አስቆት ነው። እኔ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ በዚያ ሳምንትም አልተናገርኩም። ጠዋት ስነሣ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱና ሰልፉ ሲያደክመኝ ነገ ይሁን እላለሁ። ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ነው የሚያልቀው። ሌላ ሥራ ለማግኘት ከተመረቅሁ በኋላ አራት ዓመት ጠብቄያለሁ። ደግሞም ለቀበሌ የሚደርሰው መልእክት ጣቱ ከማን ጋር እንደገጠመ ስለማይናገር የሚያውቅ የለም ብዬ አስብ ነበር።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሴትዮዋ ሲቀላ ያለው ቢሯችን መጡ። ከጫኖ በሚኒባስ መጥተው፣ ከመናኸሪያው በእግራቸው እየጠየቁ ነው ያገኙን። ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ድካማቸው ፊታቸው ላይ ይታያል፤ ጥር ላይ ካየኋቸው ከስተዋል።

«ሰው ሰላምታ ቀንሶብኛል» አሉኝ በጋሞኛ። «በሌላ ስም የተመዘገበችው ለምንድን ነው፣ ምን ፈልጋ ነው ይላሉ። የጸሎት ወዳጆቼ እንኳ ጠየቁኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«አላውቅም አልኩ።» ወደ መንገዱ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አውቃለሁ እኮ። ያን ቀን ጣትሽን ስታስቀምጪ አይቻለሁ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ድጋሚ ነሽ ሲሉኝ ገባኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሥራሽ ቢሄድ ምን ትሆኛለሽ ብዬ ነው። አንቺም የሰው ልጅ ነሽ። ግን ልጄን አግኚልኝ። ሌላ መንገድ ካለ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ። እሳቸው ስለ እኔ እንጀራ ሲሉ ስማቸውን አስበልተው ተቀምጠዋል፤ እኔ ሻይ እየጠጣሁ ሰንብቻለሁ።

አስተባባሪው ክፍላቸው ውስጥ ነበሩ። በሩን ዘጋሁና ቆሜ ነገርኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ስንት ሰው ላይ ነው ያደረግሽው?»

«አንድ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንድ ብቻ ነው።»

«የኔ እህት፣ ደውለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ልዩ ሁኔታ አልፈቅድም እል ነበር?»

«አይሉም ነበር» አልኩ። «ግን ይቆጡኝ ነበር።»

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጡም። እሳቸውም ደክሟቸዋል፤ የደከመ ሰው ፊት አውቃለሁ። ሁሉንም በጽሑፍ አድርጌ እንድፈርም አዘዙኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሣሪያ እንዳልነካ፣ የእኔም መታወቂያ እስኪጣራ እንደሚታገድ ነገሩኝ። ስወጣ ሴትዮዋ እዚያው ደረጃው ላይ ነበሩ። ተናግሬያለሁ አልኳቸው። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

ማጣራቱ ከወር በላይ ፈጀ። እኔን እንደገና ለመመዝገብ የተመደበው ያው ባልደረባዬ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ይዞ ጣቶቼን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ ሲያሳርፍ ዓይኔን አላየም። በእነዚያ ወራት ስንቱን ሰው እንዲህ እንደያዝኩ አሰብኩ። ሰው እጁን ሲሰጥህ መላ ሰውነቱን እንደሚሰጥህ እዚያ ወንበር ላይ እስክቀመጥ አላወቅሁም ነበር።

ለሴትዮዋ ደግሞ አስተባባሪው ራሳቸው ጫኖ ድረስ ወርደው ቅጹን አስሞሉላቸው። የቀበሌው ሰዎች ባሉበት ስሕተቱ የሴትዮዋ አይደለም፣ የእኛ ሠራተኛ ስሕተት ነው ብለው ተናገሩ። የማን እንደሆነ ሰዉ ሁሉ ያውቃል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መታወቂያቸው መጣ።

በማግስቱ ሲም ወደሚያወጡበት ቢሮ አብሬያቸው ሄድኩ። የተቀበለችን ወጣት ቁጥሩን አስገብታ ፊቷን አጨማደደች። «ይሄ ቁጥር ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ እየሠራ ነው» አለች። «ሌላ ቁጥር ልሰጣቸው እችላለሁ።»

«ሌላ ቁጥር ምን ያደርግልኛል?» አሉ ሴትዮዋ። በአማርኛ ነው ያሉት፤ ቀስ ብለው።

አዲሱን ሲም ለማንኛውም አወጣንና ከቢሮው ውጭ ካለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ በራሴ ስልክ ወደ ባላቸው ቁጥር ደወልኩ። አንድ ወንድ አነሣ። ከኋላው የመኪና ጥሩምባና የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አያውቁኝም። ከአርባ ምንጭ ነው የምደውለው። ይሄ ቁጥር በፊት አሁን በሕይወት የሌሉ የአንድ አባት ነበር። ሴት ልጃቸው ከውጭ…»

«ያቺ ልጅ?» አለኝ አቋርጦ። «ያረቢ! እኔ ሶዶ ነው ያለሁት፣ ነጋዴ ነኝ። መስመሩን ያወጣሁት የካቲት ላይ ነው። ካወጣሁ ጀምሮ አንዲት ልጅ እየደወለች አባዬን አገናኘኝ ትላለች። ተሳስተሻል እላታለሁ፣ ታለቅሳለች። ስንቴ ነገርኳት! በኋላ ላይ አላነሣም አልኩ። አሁን ከደወለች ቆይታለች።»

የካቲት። ሴትዮዋን የመዘገብኳቸው ጥር ላይ ነው። ሒሳቡን ማንም እንዲሠራልኝ አላስፈለገኝም።

«ቁጥሯ አለዎት?»

«እንዳላነሣ ብዬ መዝግቤዋለሁ። የተሳሳተች ብዬ ነው የመዘገብኳት። ቆይ አሁኑኑ እልክልሻለሁ። አላህ ያገናኛቸው። እናቷን ይቅርታ በይልኝ፣ አላወቅሁም ነበር።»

ቁጥሩ መጣ። ደወልን፤ የሴትዮዋ አዲሱ ሲም ገና ስላልሠራ በእኔ ስልክ ነው። ድምፁን ለሁለታችንም እንዲሰማ ከፍ አደረግሁት። ሦስቴ ጠራ፤ አንዲት ሴት በዐረብኛ መለሰች። ሴትዮዋ የልጃቸውን ስም ጠሩ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፣ «ማነው?» የሚል።

«እኔ ነኝ» አሉ በጋሞኛ። «እናትሽ።»

ከዚያ ወገን የተሰማው ጩኸት መንገደኛ አስቁሟል። ልጅቷ እየጮኸች የምትለውን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ስልኩን ሌላ ሰው ሲያነሣው፣ ደግሞም ሲዘጋባት፣ ሁለቱም አልቀዋል ብላ ደምድማ ነበር። አብረዋት ያሉት የአገር ልጆች ተሰብስበው አልቅሰውላታል። ፀጉሯን ተላጭታለች። እናቷን ቀብራ ጨርሳለች።

«አለሁ» አሉ እናትየው። «አለሁ፣ አለሁ። አልሞትኩም።»

«አባዬስ?» አለች ልጅቷ። «አባዬም አለ? ስጪልኝ!»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እንድናገርላቸው የፈለጉ መሰለኝ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስልኩን ከእጄ ወስደው ጆሯቸው ላይ አደረጉትና ከአግዳሚው ተነሥተው ጥቂት ራቅ አሉ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈለግሁም። ጀርባቸውን ብቻ ነው ያየሁት። ያ ጀርባ ሲጎብጥ አየሁ። ልጅቷ በአንድ ስልክ እናቷን አግኝታ አባቷን አጣች። ጥር ላይ ቅጹን ሞልቼ ቢሆን ኖሮም አባቷ ሞተው ነበር፤ እሱን እኔ አላመጣሁትም። እናቷን መቅበሯን ግን እኔ ነኝ ያመጣሁት።

ስልኬ ሒሳቡ እስኪያልቅ አወሩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግን ተረጋግተዋል። አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ ያለቅሳሉ፤ ልጅቷ ጳጉሜን ላይ እመጣለሁ እንዳለቻቸው ነገሩኝ። ወደ መናኸሪያ ወሰድኳቸውና የጫኖ ሚኒባስ እስኪሞላ አብሬያቸው ቆየሁ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

«በቃ» አሉ። «ጠዋት ምን በላህ? ፊትህ ነጥቷል።» እንደገና ወደ አማርኛቸው ተመልሰው ነበር።

ምንም አልበላሁም ነበር። ረዳቱ በሩን ዘጋ፤ ሚኒባሱ ሄደ። እስከ ሰኔ ድረስ ሁለት ወር ያህል ቢቀረኝም ኮንትራቴ እንደማይታደስ ያን ሳምንት ተነግሮኛል፤ እስከዚያ ፋይል እያደራጀሁ እንድቆይ ነው የተፈቀደልኝ። ያን ዕለት ግን ወደ ቢሮ አልተመለስኩም። ከአባያ በኩል ዳመና እየመጣ ነበር። ባጃጅ ሳልይዝ ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ ዝናቡ ያዘኝ፤ አልሮጥኩም። ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁ፣ እርጥብ ልብሴን ወንበር ላይ ጣልኩና ተኛሁ። ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳላስብ፣ ጎረቤቴ ልጆቿን ለእራት ስትጣራ እስከሚሰማኝ ድረስ ተኛሁ።